የያዙትን ዓሣ መብላት ወይስ መልቀቅ? ጣናና ግልገል አባይ ዳር ለሚያጠምዱ

በስልክ ከሚዘዋወሩት ቪዲዮዎች አንዱ ዓይነት ሰውን ብዙ ያነጋግራል። ፈረንጁ ትልቅ ዓሣ ጎትቶ ያወጣል፣ ፎቶ ይነሣበታል፣ ከዚያ መልሶ ውኃው ውስጥ ይለቀዋል። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ሁለት ወገን ነው። አንዱ «የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ይላል፤ ሌላው «እኛም እንዲህ ብናደርግ ጣና ባልተራቆተ ነበር» ይላል። ሁለቱም ወገን ያልተሟላ ነገር ነው የያዘው። ዓሣ መልቀቅ አንዳንዴ ሐይቅ ያድናል፣ አንዳንዴ ምንም አይፈይድም፣ አንዳንዴ ደግሞ ይጎዳል። የሚወስኑት የዓሣው ዓይነት፣ ውኃውና የተለቀቀው ዓሣ የመትረፍ ዕድል ናቸው።

ይህ ማብራሪያ በጎጃም በኩል፣ ከባሕር ዳርና ከዘጌ እስከ ቁንዝላ፣ በግልገል አባይ ዳርቻና በየቀበሌው በተቆፈሩ ኩሬዎች ላይ በመንጠቆም በመረብም ለሚያጠምዱ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለው ዓሣ ምንድን ነው? ለምንስ ይለቁታል?

አብዛኛውን ጊዜ ባስ ነው፤ በተለይ አፈ ሰፊው ባስ። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተወስዷል። በቅርባችን በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ይገኛል፤ ጣና ውስጥ ግን የለም። ትናንሽ ዓሦችንና እንቁራሪቶችን አድኖ የሚበላ፣ መንጠቆ ላይም አጥብቆ የሚታገል ስለሆነ ለስፖርት በጣም ይፈለጋል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ የውድድር አዘጋጅ፣ ተወዳዳሪዎቹ ባሱን በሕይወት አምጥተው ካስመዘኑ በኋላ እንዲለቁት የሚያደርግ አሠራር ጀመረ። ልማዱ ከዚያ ወዲያ ተስፋፋ። ለመልቀቁ ሁለት ጠንካራ ምክንያት አለ።

አንዱ ጎጆው ነው። ባስ ሲራባ ወንዱ ዳርቻው ላይ፣ ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት፣ በጅራቱ እየጠረገ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚጠብቀው ወንዱ ነው። እሱ በመንጠቆ ከተነሣ ዙሪያውን የሚጠባበቁት ትናንሽ ዓሦች በደቂቃዎች ውስጥ እንቁላሉን ለቅመው ይጨርሱታል። በዚያ ወቅት የተያዘውን ወንድ እዚያው ቦታ ወዲያው መልቀቅ ጎጆውን ሙሉ ማትረፍ ነው፤ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ ግን ጎጆውን አያድነውም።

ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ዓሣ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የምትጥለው እንቁላልም ከክብደቷ ጋር ይጨምራል። አንዲት ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ሴት ከአንዲት ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ሴት ጋር እኩል «አንድ ዓሣ» ተብላ መቆጠር የለባትም። በዚህ ምክንያት ብዙ የአሜሪካ ግድቦች ላይ መካከለኛውንና ትልቁን መልቀቅ የሚያዝ፣ ትንሹን መብላት የሚፈቅድ ደንብ አለ። ለምሳሌ በቴክሳሱ ሌክ ፎርክ ከ40 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ ባስ የያዘ ሰው መልቀቅ አለበት፤ ከዚያ በታች የሆነውን ይዞ መሄድ ይችላል።

ታዲያ ሁሉንም ብንለቅስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያ ደንብ የሚሠራው ትንንሾቹ ሲበሉ ነው። አጥማጆቹ መልቀቅን እንደ ክብር ቆጥረው ትንሹንም ትልቁንም መልቀቅ ሲጀምሩ ግን በብዙ ውኃዎች ላይ ትናንሽ ባሶች በዝተው መኖው አልበቃቸው አለ። ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ሆዳቸው የሰመጠ፣ ዓመት ቢቆዩም ቁመት የማይጨምሩ ሆኑ። መራዊ ወይም ቡሬ ላለ ገበሬ ይህን ማስረዳት አይቸግርም፤ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ በቆሎ ካልሳሳ አንዱም ፍሬ አይዝም። የአሜሪካ የዓሣ ባለሙያዎች ዛሬ ለብዙ የኩሬ ባለቤቶች የሚሰጡት ምክር «ትንንሾቹን አውጥታችሁ ብሉ» የሚል ነው።

በእኛ ኩሬዎች ውስጥ ይህ ችግር የሚመጣው በቀረሶ ነው፤ ብዙ ሰው ቴላፒያ ወይም ቆሮሶ የሚለው። ቀረሶ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው መራባት የሚጀምረው። ጠባብ ኩሬ ውስጥ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን፣ ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆነው መራባት ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ያህል ትንከባከባለች፤ ከጫጩቶቹ ብዙዎቹ የሚተርፉትም ለዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደጋግማ ትራባለች። ስለዚህ ኩሬ ውስጥ የጣት ያህል የሆነውን «ይደግ» ብሎ የሚለቅ ሰው ኩሬውን የባሰ ያጨናንቀዋል። እዚያ ትክክለኛው ሥራ ትንንሹን ሳይሳሱ ማውጣት ነው፤ ጠብሶ መብላት ወይም ለዶሮ መኖ ማድረግ ይቻላል። የወጣውን ትንሽ ዓሣ ወደ ወንዝ መልቀቅ ግን አይገባም።

ጣና ውስጥ ያሉትስ ዓሦች?

ገበያ ላይ የሚወጡት በአብዛኛው በሦስት ይጠቃለላሉ፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ሦስቱም ኑሯቸው የተለያየ ስለሆነ ለሦስቱም አንድ ሕግ መስጠት አይቻልም።

ቀረሶ ከሦስቱ ቶሎ የሚተካው ነው። ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል፤ ክረምት ላይ ይበረታል። ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ይዞ መሄድ ለሐይቁ ትልቅ ሸክም አይደለም። የሚለቀቁት ሁለት ናቸው፦ ገና ለመራባት ያልደረሰውና አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት የያዘች እናት። እናቲቱ በዚያ ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ ላይ ብዙ አትገኝም፤ በመረብ ስትያዝ ግን ደንግጣ እንቁላሉን ትተፋዋለች። ጀልባው ወለል ላይ ብጫ ብናኝ የመሰለ እንቁላል ከታየ ከእሷ የወጣ ነው። የተተፋው እንቁላል አይተርፍም፤ እሷን ወዲያው መልቀቅ ግን ለሚቀጥለው ዙር ይጠቅማል።

አምባዛ ሌላ ዓይነት ፍጡር ነው። ከስንጥቡ በላይ (ስንጥብ ማለት ከጉንጩ ክዳን ሥር ያለው ቀይ መተንፈሻ ነው) አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶ ለሰዓታት ይቆያል። ቢለቀቅ የመትረፍ ዕድሉ ከሦስቱም ይበልጣል። ቅርፊት ስለሌለው ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን አይበሉትም፤ ስለዚህ ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ይላል። የማይበላው ሰው ሲይዘው ዳር ላይ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። የማይፈልጉት ከሆነ ይልቀቁት፤ ቢለቁት ይኖራል። መጠንቀቅ ያለብን ክረምት ሲገባ ነው። ዝናብ ጥሎ ውኃው ሣሩ ላይ ሲወጣ አምባዛ በሌሊት ወደዚያ ጥልቀት የሌለው ውኃ መጥቶ ይራባል፤ እንቁላሉን ሣሩ ላይ አጣብቆ ይሄዳል። እንደዚያ ሆኖ ሲታይ በዱላና በጦር ለመምታት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተመታው ገና እንቁላሉን ያልጣለ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ነጭ ዓሣ ነው።

ነጭ ዓሣን ለይቶ መጠበቅ ለምን አስፈለገ?

ሰው በአንድ ስም «ነጭ ዓሣ» የሚለው በሳይንስ ሌቤዮባርበስ የሚባል ወገን ሲሆን ጣና ውስጥ ከ15 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ከሐይቁ ወጥቶ አባይን ተከትሎ ከ30 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የሚገኘው የጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ አጥሮታል። ከፏፏቴው በላይ የቀሩት ዓሦች በዚያ ታጥረው፣ በረጅም ዘመን ወደ ብዙ ዝርያ ተለያዩ። አንዱ ከታች ጭቃ ያስሳል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፤ ስምንት ያህሉ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የአዳኙን አፍ ከፍተው ጣትዎን መንጋጋው ላይ ቢያሳልፉ አንድም ጥርስ አያገኙም፤ ጥርሱ ከጉሮሮው ውስጥ፣ ከስንጥቡ በስተኋላ ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው የዚህ ቤተሰብ ዓሣ ይህን ያህል ወደ አዳኝነት የዞረበት ሌላ ሐይቅ በዓለም ላይ አይታወቅም።

የነጭ ዓሣ ድክመት መራቢያው ነው። ከዝርያዎቹ ሰባት ያህሉ ለመራባት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉዞው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሲሆን ነሐሴና መስከረም ላይ ይበረታል። መጀመሪያ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ንጹሕና ፈጣን ውኃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል በሚያልፈው ውኃ ይተነፍሳል፤ ከተራራ የሚታጠብ ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው ታፍኖ ይሞታል። ይህ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ነጭ ዓሣ ዝግ ብሎ ያድጋል፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል።

አሁን አንድ ሰው በነሐሴ የወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘረጋ እንበል። በዚያ ሌሊት የሚያገኘው ዓሣ በሌላ ወር ከሚያገኘው በጣም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከሐይቁ ዙሪያ የመጣ ወላጅ ዓሣ ሁሉ በአንድ ጠባብ በር እያለፈ ነው። በዚያ ምሽት «ጣና ዓሣ ሞልቶታል» የሚል ሰው የሚያየው የሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ነው።

ውጤቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሐይቁ ላይ ገባ፤ ከዚያ በፊት የደንገል ታንኳ ይዞ ዳር ዳሩን የሚያጠምደው ሰው የሚደርስበት ርቀት ውስን ነበር። በ1991 እና በ2001 መካከል (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ ገና ያላደጉት ደግሞ ከዚያም በባሰ ቀንሰዋል። ጫጩቱ ከትልቁ በላይ መቀነሱ ችግሩ መራቢያው ላይ መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ለነጭ ዓሣ የምሰጠው ምክር ጥብቅ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በግልገል አባይም ሆነ በሌላ ገባር ወንዝ አፍና ውስጥ አይጠመድ። በመንጠቆ ድንገት የተያዘ ካለ ይለቀቅ፤ ሆዷ የተነፋ ሴት ከሆነች በማንኛውም ወር ትለቀቅ። በቀሩት ወራት ሐይቁ ላይ የተያዘውን መካከለኛ መጠን ያለው ነጭ ዓሣ ቤተሰቡን የሚመግብበት ሰው ቢወስደው አልነቅፈውም።

በመረብ ለሚያጠምድ ሰው «መልቀቅ» የሚባል ነገር አለ?

እውነቱን ለመናገር ብዙም የለም። መረብ ዓሣውን የሚይዘው ስንጥቡ ላይ አንቆ ነው። ማታ ተዘርግቶ ጠዋት የሚነሣ መረብ ውስጥ ያደረው ዓሣ አብዛኛው ሞቷል፤ ያልሞተውም ስንጥቡ ተቆራርጦ፣ ቅርፊቱ ተገፎ ስለሚወጣ ቢለቀቅም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁስሉ ሻግቶ ይሞታል። ሲዋኝ መሄዱን አይቶ «ተረፈ» ማለት ያሳስታል።

ለመረብ አጥማጅ ትንሹን ዓሣ የመልቀቂያው ጊዜ መረቡን ከመግዛቱ በፊት ነው። የመረብ ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ነው፦ አንዷን ዓይን በሁለት ተቃራኒ ቋጠሮዎቿ ይዘው እስክትጠብቅ ይጎትቱና ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ በማስመሪያ ይለኩ። ሻጩ «ዐሥር» ሲል የጎኑን ርዝመት ይሁን የተወጠረውን ሳይጠይቁ አይግዙ፤ በሁለቱ መካከል የእጥፍ ልዩነት አለ። ተወጥሮ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ዓይን ያልደረሰውን ቀረሶ በአብዛኛው ያሳልፋል። 6 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልተራባውን ጠርጎ ያወጣል፤ በኪሎ ሲመዘን ደግሞ ዋጋ አያወጣም። በነጠላ ክር የሚሠራው የሚያበራ መረብ (ሞኖፊላመንት) የባሰ ነው። ውኃ ውስጥ ስለማይታይ ብዙ ይይዛል፣ ርካሽ ስለሆነ ሲበጣጠስ እዚያው ይጣላል፣ የተጣለውም ሳይበሰብስ ለዓመታት ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ ሲገድል ይኖራል።

ሁለተኛው መልቀቂያ ሰዓት ነው። መረቡን በየሁለት ሰዓቱ የሚያነሣ ሰው ብዙውን በሕይወት ያገኘዋል፤ ያኔ መምረጥ ይቻላል። አድሮ የሚነሣው ላይ ምርጫ የለም።

ብርብራ ፈጭቶ ውኃ ውስጥ መጨመርን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ማለት ይበቃል፦ በስንጥቡ ገብቶ የዓሣው ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚያደርግ ትንሽ ትልቅ፣ የሚበላ የማይበላ ሳይለይ ይገድላል፤ የሚለቀቅ አያስቀርም።

በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ሲለቀቅ በእርግጥ ይተርፋል?

ይተርፋል፤ ግን አያያዙ ይወስናል። የሚገድሉት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ መንጠቆው የገባበት ቦታ፣ ከውኃ ውጭ የቆየበት ጊዜ እና እጃችን።

መንጠቆው ከንፈር ላይ ከሆነ ቁስሉ ቀላል ነው። ጉሮሮ ወይም ሆድ ውስጥ ከደረሰ ግን ልብና ጉበት እዚያው አጠገብ ስለሆኑ አደገኛ ነው። የአፈር ትል ወይም ሊጥ ሲደረግ ዓሣው ስለሚውጠው ጉሮሮ ድረስ የመግባት ዕድሉ ይበዛል። ዘንጉን አስቀምጦ ሌላ ሥራ መሥራት ይህን ያመጣል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ክሩ ላይ እጅን አድርጎ ዓሣው እንደነካ ወዲያው መሳብ ነው። ሌላው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ መጠቀም ነው። እሱ ጉሮሮ ውስጥ ቢገባም ሲጎተት ተንሸራትቶ የአፉ ጥግ ላይ ይይዛል። ክብ መንጠቆ ሲሆን ግን በኃይል መንጠቅ አይሠራም፤ ክሩን ቀስ አድርጎ ማጥበቅ ብቻ ነው።

የመንጠቆው ጫፍ ሥር ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ አለች። ለመልቀቅ ያሰበ ሰው አስቀድሞ በፒንሳ ጨፍልቆ ያስተኛታል። ያኔ መንጠቆው በገባበት መንገድ በቀላሉ ይወጣል፤ ክሩ እስካልላላ ድረስም ዓሣው አያመልጥም። መንጠቆው በጥልቀት ከተዋጠ ለማውጣት መታገል አያስፈልግም፦ ክሩን በተቻለ መጠን ወደ መንጠቆው አስጠግቶ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። ሆዱን ገልብጦ በፒንሳ መጎርጎር አብዛኛውን ጊዜ ይገድለዋል፤ ውስጡ የቀረው ተራ የብረት መንጠቆ ግን ብዙ ጊዜ ዝጎ ይወድቃል።

አየሩስ? ስንጥብ የተሠራው እንደ ቀጭን ቅጠል ከተደራረቡ ሥሥ ክሮች ነው። ውኃ ውስጥ ተንሳፈው ይዘረጋሉ፤ አየር ላይ ሲወጡ እርስ በርስ ተጣብቀው መሥራት ያቆማሉ። ያ ደግሞ ዓሣው ታግሎ ደክሞ፣ ከምንጊዜውም በላይ ኦክስጅን በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት እስኪደክሙ ከተባረሩ የትራውት ዓሦች ከውኃ ሳይወጡ ከቀሩት 12 በመቶ ሞቱ፤ ለ30 ሰከንድ ከወጡት 38 በመቶ፣ ለ60 ሰከንድ ከወጡት 72 በመቶ። ትራውት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ስለሆነ ከቀረሶ ይልቅ ስስ ነው፤ የሰከንዶቹ ትርጉም ግን፣ አየር ከሚተነፍሰው ከአምባዛ በቀር፣ ለሁሉም አንድ ነው። ትንፋሽዎን ይያዙና ዓሣውን ያውጡ፤ ትንፋሽ ሲያጥርዎ ዓሣው ውኃ ውስጥ መሆን አለበት።

ጣና ላይ ይህ ይበልጥ ያሳስባል። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ውኃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅንም እንደዚያው ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር እስከ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ በጣና ከፍታ ግን 6.6 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በፀሐይ የሞቀ ዳርቻ ላይ በቀትር የተያዘ ዓሣ ለማገገም ይቸገራል። ለመልቀቅ የሚያጠምድ ሰው ጎሕ ሲቀድና ጠዋት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ዓሣውንም በቀጭን ክር ረጅም ጊዜ ከማታገል ጠንካራ ክር ይዞ ቶሎ ማውጣት።

በጄሪካን ውኃ ይዞ ቆይቶ «ኋላ የተሻለ ካገኘሁ ይህን እለቃለሁ» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። 20 ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሁሉ ተደምሮ 130 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ የደከመ ዓሣ ቶሎ ይጨርሰዋል። መውሰዱም መልቀቁም ዓሣው እንደወጣ እዚያው ይወሰን።

ከእጅ ጋር በተያያዘ፣ የዓሣን ቆዳ የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ የሚከላከለው ነው። ደረቅ እጅ፣ ጨርቅ፣ የጀልባ ወለልና አሸዋ ይገፉታል። መንካት ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን ውኃ ውስጥ ይንከሩ። ቀረሶን ሲይዙ መዳፍዎን ከራሱ ወደ ጅራቱ አሳልፈው የጀርባውን እሾህ ያስተኙ፤ በተቃራኒው ከሄዱ ይወጋል። አምባዛ ግራና ቀኝ ከራሱ ሥር ባሉት ክንፎች ላይ ጠንካራ፣ ጥርስ ያለው እሾህ አለው፤ ከክንፎቹ በስተኋላ አንገቱን መጨበጥ ነው። ነጭ ዓሣን ባስ እንደሚያዘው በታችኛው ከንፈሩ ማንጠልጠል አይገባም፤ ሁለት እጅ ከሆዱ ሥር ይደረግና አግድም ይያዝ። ጣትን ስንጥብ ውስጥ አስገብቶ መሸከም የሚሆነው ለሚበላ ዓሣ ብቻ ነው።

ሲለቁ አይወርውሩ። ፊቱን ወደ ሞገዱ አዙረው ውኃው ውስጥ ቀጥ አድርገው ይያዙት። ስንጥቡ በዝግታ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፤ ጅራቱን በራሱ ኃይል መምታት ሲጀምር እጅዎን ይፍቱ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሱ ማሻሸት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ወደ ኋላ ሲጎተት ግን ውኃው ስንጥቡን በተሳሳተ አቅጣጫ ይመታዋል። ጎኑ ላይ ተኝቶ ከቀረና ደም ከስንጥቡ ከፈሰሰ አይተርፍም፤ ያኔ መብላቱ ይሻላል።

ይዤ ልሂድ ካልኩስ?

ጾም ሲመጣ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ የሚያጠምደውም እንዲሁ። ይዞ ለመሄድ የወሰነ ሰው ዓሣውን ሳያባክን መጠቀም አለበት፤ ሁለት ተበላሽተው ሲጣሉ ሁለት ሌሎች ይያዛሉና።

ዓሣው እያጣጣረ እንዲሞት አይተውት። በጠንካራ ዱላ ከዓይኑ በላይ አንድ ጊዜ አጥብቆ መምታት ይበቃል፤ ከዚያ ስንጥቡን ቆርጦ ደሙን ማፍሰስ። ሲንፈራገጥ የቆየ ዓሣ ሥጋው ቶሎ ይላላል። የሆድ ዕቃው እዚያው ይውጣ፤ ቀረሶ በአመዛኙ አልጌ ስለሚበላ ሆዱ ውስጥ የቀረው ተብላልቶ ሥጋውን ያበላሸዋል። ሙቀት ባለበት አካባቢ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ የተሰባበረ በረዶ ያስፈልጋል፤ አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ ሆዱ ወደ ታች ተደርጎ፣ የቀለጠው ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ተበጅቶ። በረዶ ከሌለ እርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ጥላ ሥር ማድረግና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማብሰል።

የትኛውን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል ለሚለው ወጥ ቤቱም የራሱ መልስ አለው። ቀረሶ ከጎኑ ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ይገፈፋል፤ ከአንድ ኪሎ ዓሣ ሲሶ ገደማ ሥጋ ይወጣል፤ ለጉላሽም ለኮተሌትም አመቺ ነው። ነጭ ዓሣ ሥጋው መካከል ሁለት ቅርንጫፍ ያላቸው ቀጫጭን አጥንቶች ስላሉት በቢላ ጎኑን ጠጋ ጠጋ አድርጎ በጥቶ በደንብ መጥበስ ይጠይቃል፤ ለሕፃን አይመከርም። ከሐይቁ ቶሎ የሚተካው ለማብሰልም ቀላሉ መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ለሽያጭ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ፣ የመረብ ዓይን መጠን፣ የተከለከለ ቦታና ወቅት ሁሉ በእነዚህ ሥር የሚወሰኑ ናቸው። ቀበሌው ወይም ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ «በዚህ ወር፣ በዚህ ወንዝ አፍ ላይ ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ደንቡ ላልደረሰበት ቦታ ከላይ የተጻፈው የዓሣው ጠባይ በቂ መመሪያ ነው።

ባስ አምጥቶ ጣና ላይ መጨመርስ?

ቪዲዮውን ያዩ አንዳንድ ወጣቶች ይህን ይጠይቃሉ። መልሱ አይሆንም ነው፤ ይህም ለባስ ብቻ አይደለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ፤ እንደ ጣና ሁሉ ከአንድ ወገን የተለያዩ ብዙ ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማጥመድ ተደምረው እነዚያ ዝርያዎች ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም የናይል ፐርች ከተጨመረ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ዝርያዎች አልቀዋል። የጣናው ነጭ ዓሣ ስብስብ ዛሬ በዓለም ላይ ከዚህ ቤተሰብ ሳይጠፋ የቀረ ብቸኛው ትልቅ ስብስብ ነው።

ስለዚህ በግልገል አባይ፣ በቆጋ ግድብም ሆነ ሐይቁ ላይ ከሦስቱ ጋር የማይመሳሰል፣ ከዚህ ቀደም ታይቶ የማይታወቅ ዓሣ ከተያዘ እሱ አይለቀቅም። ይገደል፣ በበረዶ ይቀመጥ፣ የተያዘበት ቦታና ቀን ይጻፍና ባሕር ዳር ላለው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይድረስ።